ባቡር በሌለበት ከተማ የጣቢያ ሙዚቃ፦ በጎንደር መናኸሪያ ብቻውን ለሚቆዝም ሰው የቱ ይሻላል?

ጎንደር ባቡር የላትም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ቢደርስም ወደ እኛ ወደ ሰሜን ሳይዞር ቀርቷል። በመሆኑም በጣቢያ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሚሄደውንና የሚመጣውን እያየ መቆዘም የሚወድ ጎንደሬ ያለው ቦታ መናኸሪያው ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቦታ ኢርፎን በጆሮው ሰክቶ መኪናው እስኪሞላ ወይም የሚቀበለው እንግዳ እስኪደርስ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ጉዳይ ለሚቀመጥ ሰው የትኛው ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ እንደሚስማማ ለማነጻጸር የተዘጋጀ ነው። ያለ ጉዳይ ከሚቀመጡት አንዱ እኔ ራሴ ስለሆንኩ በንጽጽሩ ውስጥ አድልዎ ቢገኝ አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው።

ብዙ ሰው ለእንዲህ ያለ ሰዓት ሙዚቃ ምረጥ ቢሉት የሚመርጠው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስለቅሰውን ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ነገር ግን መናኸሪያ ራሱ ዝም የማይል ቦታ ነው። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ ይጣራል፤ የቆመው አውቶብስ ሞተሩ ሳይጠፋ ያጉረመርማል፤ ቆሎ ሻጯ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ሻንጣ ላሸክም ባዩ ሁሉም በየተራው ድምፅ አለው። ስለዚህ ከኀዘኑ መጠን አስቀድሞ መታየት ያለበት ዜማው ለዚህ ሁሉ ድምፅና ለጠባቂው ሰው ሐሳብ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቅ ነው።

ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ትኬት ቆርጬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን በኢርፎን ደፍኜ፣ አንድ ረጅም ትዝታ ከፍቼ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ ቀጠለ። ዐይኔን ስገልጥ መኪናው ቆሞበት በነበረው ቦታ የቀረው የዘይት ነጠብጣብና አንድ ባዶ የቲማቲም ሳጥን ብቻ ነበር። ረዳቱ ስሜን ሦስት ጊዜ መጣራቱን የነገሩኝ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ምነው አባባ፣ ቢነኩኝ ኖሮ?» ብላቸው «እኔማ ልጄ፣ እያለቀስክ መሰለኝና አፈርኩ» አሉኝ።

ቃል ያለው ትዝታ

ትዝታ የሚለው ቃል ስሜቱንም፣ ቅኝቱንም፣ በቅኝቱ የሚዘፈነውን ዘፈንም ይጠራል። ቅኝቱ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሆኖ በአምስት ድምፆች የተዋቀረ ሲሆን ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ክራር ያለው ወዳጅ ዘንድ ጎራ ማለት ይበቃል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ በተቃኘ ክራር ላይ ሚንና ላን የሚሰጡት ሁለት አውታሮች በግማሽ ድምፅ ላላ ቢደረጉ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ሳይነኩ፣ ሜጀር የነበረው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ወዳጄ ይህን ሲያደርግ የሁለቱን አውታሮች መላላት በዐይን እንኳን መለየት አልቻልኩም፤ ጆሮዬ ግን ሰው ከክፍሉ እንደወጣ ያህል ቅዝቃዜ ተሰምቶታል። ሜጀሩ የቆየ ደብዳቤ አግኝቶ ፈገግ የሚል ሰውን ሲመስል፣ ማይነሩ ያንኑ ደብዳቤ መልሶ አጣጥፎ የሚያስቀምጠውን ይመስላል። ጠዋት ለሚጓዝ ሰው ሜጀሩን፣ ሰው ሸኝቶ ማታ ለሚቀር ሰው ማይነሩን እመክራለሁ፤ ገና መንገድ ሳይጀምር በማይነር ልቡን ያላሸቀ ሰው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይደክመዋልና።

ቃል ያለው ትዝታ ችግሩ ቃሉ ነው። ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ በወል ቤት፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት በስድስት በሚከፈል ዐሥራ ሁለት ቀለም ይደረደራል፤ ሁለት ሁለት እየሆነ የሚመጣው ስንኝ ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው። አድማጩም የዘፋኙን ሰው ትቶ የራሱን ሰው በቦታው ያስገባል። ቤት ውስጥ ይህ ደስ ይላል። በመናኸሪያ ግን ስንኙ ሲያልቅና ሌላው ሲጀምር ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ችሎት የተቀመጠ ያህል ይጨናነቃል፤ የረዳቱንም ጥሪ መስማት ያቆማል። መኪናዬ ያመለጠችኝ እንዲህ ሆኖ ነው።

ከድምፃውያኑ መካከል ስንመርጥ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረውና በኋላ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ስሙ የገነነው ማሕሙድ አህመድ ድምፁን እያርገበገበ፣ ከባንድ ጋር፣ ረዘም አድርጎ ይዘፍናል፤ ሙሉ ትኩረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መኪናው ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሚነሣ ሰው እንጂ አሁን ለሚጠራ ሰው አይሆንም። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች በመሆኗ ለአገር ልጅ ማድላት ይገባ ነበር፤ ሆኖም ያ ከፍ ያለ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሆድ ስለሚገባ በሰው ፊት እንባውን ለመጥረግ ያልተዘጋጀ ሰው ለቤቱ ያቆየው። በዛወርቅ አስፋው በትዝታ ዘፈን ስሟ የተነሣ ድምፃዊት ስትሆን፣ ለእኔ ጆሮ ትልቁ ችሎታዋ ከስንኝ ወደ ስንኝ ስትሻገር የምትወስደው እፎይታ ነው፤ በዚያች እፎይታ መካከል የመናኸሪያው ድምፅ ገብቶ ይወጣል፣ ዘፈኑም አይቆጣም።

ከዚህም ይልቅ ቦታ የሚለቀው አንድ ድምፅና አንድ ክራር ብቻ ያለበት የቆየ ቅጂ ነው። ካሣ ተሰማን ወይም ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የመድረክ ሴት ተዋንያን አንዷ የነበረችውን አስናቀች ወርቁን ያደመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። የክራሩ አውታር ተመትቶ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ ድምፁም የሚያወራ እንጂ የሚጮኽ አይደለም። የቅጂው ጭርጭርታ እንኳ ከመናኸሪያው አቧራ ጋር አንድ ቤት የኖረ ይመስላል። ቃል ካለው ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ስልክም ኢርፎንም የማይጠይቅ አንድ አማራጭ አለ፤ እንጉርጉሮ። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ተጎንብሰው ለራሳቸው ብቻ ያሰሙት የነበረው ያ ዝግ ያለ ዜማ ከመጀመሪያውም ለብቸኛ ሰው የተሠራ ነው። በጋቢ ውስጥ አፍን ሸፍኖ ማንጎራጎር ማንንም አያውክም፤ ባትሪም አይጨርስም። ከሙሾ ጋር ግን አያምታቱት፤ ሙሾ የለቀስተኛ ጉባኤ ይፈልጋል፣ ብቻውን ሙሾ የሚያወርድ ሰው መናኸሪያ ውስጥ ቢታይ ሰዉ ማን ሞቶበት ነው ብሎ ይሰበሰባል።

አዝማሪና ማሲንቆው

ማሲንቆን በጎንደር ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ከፈረስ ጭራ የሚሠራው አንድ አውታር፣ ቆዳ በለበሰው ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ላይ በደጋኑ ሲገዘገዝ የሚያወጣው ድምፅ ለሰው ድምፅ የቀረበ በመሆኑ ልብን ቶሎ ያገኛል። ለመናኸሪያ ሲመዘን ግን ይኸው ቅርበቱ ዕዳ ይሆንበታል፤ ምክንያቱም ማሲንቆውና የሚጣራው ረዳት በአንድ ከፍታ ላይ ስለሚገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፤ አድማጭም ማሲንቆው እንዲሰማው ድምፁን እየጨመረ ጆሮውን ይጎዳል።

ሌላው ነገር አዝማሪ በባሕርይው ለብቸኛ ሰው የሚዘፍን አለመሆኑ ነው። አዝማሪ ፊት ያያል፣ ተቀበል ይላል፣ ሰሙን ወርውሮ ወርቁን እስኪያገኙለት ይጠብቃል። በቅጂ ሲደመጥ እሱ የሚያየው ፊት የእርስዎ አይደለም፤ ሌላ ሰው ተሞግሶ ሌላ ሰው ሲሸልም ከበር ውጭ ቆሞ እንደመስማት ነው። አንድ ቀን ማታ ኢርፎኔን እንደሰካሁ ተቀምጬ ሳለ ማሲንቆ የያዘ ወጣት አጠገቤ ቆሞ ሲገዘግዝ አየሁት፤ ኢርፎኑን ሳወልቅ የደረስኩት መጨረሻው ላይ ነበር፤ በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ይስቃሉ። ድገምልኝ ብዬ ብሰጠው እንዲህ አለ፦

የሄደውስ ሄደ በመኪናው ገብቶ፣
ያሳዝናል ይሄ ሁለት ጆሮ ዘግቶ።

ከዚያ ወዲህ የቀረጽኩትን የማሲንቆ ሙዚቃ በመናኸሪያ ከፍቼ አላውቅም። አዝማሪው ራሱ በአካል ከመጣ ሌላው ምርጫ ሁሉ ይቅር፤ ካልመጣ ደግሞ ማሲንቆውን ለአዝማሪ ቤት ይተውት። በማሲንቆም ሆነ በክራር የሚቀርበው፣ ሞትንና የዓለምን ከንቱነት የሚያነሣው ዘለሰኛ ብቻ ከዚህ ምክር ውጭ ነው፤ እሱ ሽልማትም ተቀባይም ሳይጠብቅ ዘገም ብሎ ስለሚሄድ ከአዝማሪ ዘፈን ይልቅ ለበገና የቀረበ ነው።

በገና

በገናን ከሙዚቃ ምርጫ መካከል ማስገባቴ የሚያስቀይማቸው አንባቢያን ይኖራሉ፤ ልክ ናቸው። በገና ትውፊቱ ከንጉሥ ዳዊት ጋር የሚያያይዘው፣ በጸሎትና በተመስጦ የሚደረደር መሣሪያ እንጂ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ሆኖም በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ዘፈን መስማት የተዉ ብዙዎች ወደ መንገድ ሲወጡ የሚከፍቱት እሱን ስለሆነ ማነጻጸሩ ይጠቅማቸዋል።

እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ በገና ደርዳሪዎች በቀስታ፣ ለራስ በሚመስል ዝቅተኛ ድምፅ የሚያዜሙት ነገር ለብቸኛ ሰው የተገባ ነው፤ የሚያስተክዘውም ስለ ሄደ ወዳጅ ሳይሆን ስለ ራስ መጨረሻ ነው። ችግሩ ያለው በድምፁ ውፍረት ላይ ነው። ከበግ አንጀት የሚዘጋጁት ዐሥሩ አውታሮች በጣም ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ፤ አውታሩ ሳጥኑ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባው እንዚራ የተባለች ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን ንብ የመሰለ ንዝረት ታወጣለች። የቆመ የናፍጣ ሞተር የሚያጉረመርመው በዚያው በወፍራሙ ክልል ውስጥ ስለሆነ አውታሩን ይሸፍነዋል፤ ርካሽ ኢርፎንም ወፍራም ድምፅ ማውጣት ስለሚሳነው የሚተርፈው የእንዚራዋ ንዝረት ብቻ ይሆናል። ንቡ ይቀራል፣ ማሩ ይጠፋል። ስለዚህ በገናን የመረጠ ሰው ሞተር ከሚሞቅበት አካባቢ ራቅ ብሎ አጥሩ ጥግ ይቀመጥ፤ ጆሮን ደፈን የሚያደርግ ላስቲክ ያለው ኢርፎን ይያዝ፤ ደጋግሞ ከስልክ ስልክ የተላለፈና ጥራቱ የወረደ ቅጂ አይጠቀም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት፣ በአቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል በሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ትምህርት፣ ባእታን የመሰለ ጉባኤ ቤት ያላት ከተማ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ የተቀመጠ ሰው በዝማሬው በኩል ምንም ሳይከፍት ተሟልቶለታል፤ ከየአጥቢያው የድምፅ ማጉያ የሚመጣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በብርዱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ሞተሮቹ ሳይነሡ በፊት ግቢውን ይሞላዋል። በዚያ ላይ በገና መክፈት በቅዳሴ መካከል የግል ጸሎት ጮክ ብሎ እንደ መድገም ነው። በገናውን ለከሰዓት ያቆዩት።

ቃል የሌለው

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ፣ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃ ተምሮ፣ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደ ሰው ነው። በቫይብራፎን (የብረት ዘንጎቹ በመምቻ እየተመቱ በሚጫወቱት መሣሪያ) እና በነፋስ መሣሪያዎች የሚመጣው ትካዜ ሱፍ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ የወጣ ትካዜ ነው፤ ያምራል፣ አይቀርብም። ቤዙ የማያቋርጥ ምት ስለሚሰጥ እግርን ያንቀሳቅሳል፤ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ምት የሰዓት ቆጣሪ ይሆንበታልና መኪናው በዘገየ ቁጥር ያናድዳል። ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ፒያሳ በእግሩ ለሚያዘግም፣ በጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ሥር መብራት ሲበራ ለሚያይ ሰው ግን የሚወዳደረው የለም።

ለተቀመጠ ሰው የእኔ ምርጫ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ በዚህም ላይ ረዘም ብዬ ብናገር ይፈቀድልኝ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ የተላኩ፣ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ጠንቅቀው የተማሩ፣ በኋላ ግን ሁሉን ትተው ወሎ አምባሰል ውስጥ በምትገኘው በግሸን ማርያም የመነኮሱ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጃፉ ላይ የሚያድሩትን፣ ምግባቸውን ለምነው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ስላዘኑ፣ የምሰጠው ገንዘብ ባይኖረኝም በሙዚቃዬ እረዳቸዋለሁ ብለው ተነሡ፤ ሸክላዎቻቸውም ለዚህ ዓይነት በጎ ሥራ ዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው እዚያው ገዳም ውስጥ ኖረው በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ይህንን ታሪክ ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። የፒያኖው ባሕርይ የሚገለጠው በእሱ ነው። የእማሆይ እጅ ምት አይቆጥርም፤ ድምፁ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ያሰበ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ይመለሳል። መቼ እንደሚነሣ ያልታወቀ መኪና ለሚጠብቅ ሰው የማይቆጥር ሙዚቃ ትልቅ ዕረፍት ነው። አምስቱ የቅኝታችን ድምፆች ይሰማሉ፤ የአውሮፓውያኑም አጨዋወት ይሰማል፤ ከሥሩ ደግሞ ጎንደር ውስጥ የተጠናው ዜማ አለ። ስለዚህ ነው ሌሊት ከድምፅ ማጉያው ከሚመጣው ዝማሬ ጋር የማይጣላው፤ ልብ ብዬ እንዳስተዋልኩት አንዳንዴ የካህኑ ድምፅ ሲዘልቅ ፒያኖው ዝም ያለበት ቦታ ላይ ይገጥማል፤ አጋጣሚ መሆኑን ባውቅም እጄን አፌ ላይ አስጭኖኛል።

ጉድለት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ፒያኖው በጣም ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች ስላሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ መናኸሪያው ሲሞላና ጥሩምባው ሲበዛ፣ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል። ድምፁን በመጨመር ይህን ለማካካስ አይሞክሩ፤ ዝቅ ያለው ሲሰማ ከፍ ያለው ጆሮ ይበሳል። በዚያ ሰዓት ወደ ክራሩ መመለስ ይሻላል።

መናኸሪያው በር ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። አንድ ሌሊት ስኒዬን ይዤ ስተክዝ አይተው «ምን ቢልህ ነው እንዲህ የሆንከው?» ሲሉ አንዱን ኢርፎን ሰጠኋቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸው ላይ ያዙት። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ምንም አይልም እማማ፤ ፒያኖ ብቻ ነው» አልኳቸው። ከሰሉን በእጃቸው እያራገቡ ጥቂት ሰሙና «እንዲያ ከሆነማ የማንም አይደለም፤ ለእኔም ይሆነኛል» ብለው ጀበናው እስኪፈላ ሳይመልሱልኝ ቆዩ። ቃል ስላለውና ስለሌለው ሙዚቃ ልዩነት ከዚህ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም።

ዋሽንትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ባለ አራት ቀዳዳዋ ሸምበቆ ቀጭን ድምፅ ስላላት ከሞተሩ በላይ አልፋ ትሰማለች፤ በድምፅ ጉዳይ ብቻ ከተመዘነ አንደኛ ትወጣ ነበር። ነገር ግን ዋሽንት ሰውን ከመናኸሪያው አንሥታ ከብት ከሚሰማራበት መስክ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቦታውን ለመርሳት የሚፈልግ ይክፈታት፤ በቦታው ላይ ሆኖ ለመቆዘም የመጣ ግን ይለፋት።

ባቡር ጣቢያ የደረሰ ጎንደሬ

ከዚህ ተነሥተው አዲስ አበባ ገብተው እውነተኛ ባቡር ጣቢያ ላይ መቆዘም ለሚፈልጉ ምርጫው ይገለበጣል። ስሙን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ያገኘው ለገሃር፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራው ሕንፃና ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ዛሬም አሉ፤ ባቡር ግን ከዚያ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጅቡቲ መስመር መንገደኛ የሚጭነው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። በባቡር ጣቢያ ረዳት አይጣራም፤ መኪና ስለ ሞላ ስለ ጎደለ ክርክር የለም፤ መነሻው ሰዓት ተጽፎ ይታወቃል። መናኸሪያ በቃል የሞላ ቦታ ስለሆነ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይስማማዋል ካልን፣ ጸጥ ላለው የባቡር ጣቢያ ቃል ያለው ትዝታ ተገቢ ይሆናል፤ ማሕሙድን እዚያ ሳደምጠው ጎንደር ላይ የከለከልኩትን ሁሉ ፈቀድኩለት። በለገሃር ውጭ፣ ከአንበሳው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ደግሞ፣ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ራሱ ማይነር ትዝታ ስለሆነ ሜጀሩ ይበቃዋል።

ከመውጣትዎ በፊት

ኔትወርክ ላይ ተማምኖ የወጣ ሰው በጣም ልብ በሚነካው ቦታ ላይ ተቋርጦበት የሚሽከረከር ክብ እያየ ይቀራል፤ ስለዚህ የመረጡትን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ ወይም ሙዚቃ የሚጭኑ ልጆች ዘንድ ሄደው ሜሞሪ ካርድ ላይ ያስጭኑ። ሲያስጭኑ «የትዝታ ምርጥ» ተብሎ የተቀላቀለውን አይቀበሉ፤ በመካከሉ ጭፈራ ገብቶ ይገኛል። በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ማስደመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የእርስዎ ቁዘማ ለሌላው ሁከት ነው። የሚሰኩት አንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ እሱም መኪናዎቹ ከቆሙበት በኩል በተቃራኒ ያለው ይሁን። ሌላኛው ጆሮ ለረዳቱ ነው። ስልኩን ደግሞ እጅዎ ላይ አይያዙ፤ ኪስዎ ውስጥ ከገባ በኋላ ዜማ ለመቀየር ባያወጡት ይመረጣል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ስልክ የያዘ ሰው ለሌባ ግብዣ ነው።

ሰዓቱን መሠረት አድርጌ ብመድብ፣ ከሌሊቱ 11 እስኪነጋ የእማሆይን ፒያኖ፣ ረፋዱን አንድ ክራርና አንድ ድምፅ፣ ከሰዓት በጾም በገናውን አለዚያም በዛወርቅን፣ ማታ ሰው ሸኝተው ሲመለሱ ወደ ፒያሳ በእግር ከሙላቱ ጋር እላለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመሞከር አይቸኩሉ፤ አንዱን ደጋግመው ይዘው ይሂዱ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መኪናው እስኪነሣ ድረስ ነው። አውቶብሱ ከተማውን ለቆ አዘዞን ሲያልፍ ሹፌሩ የራሱን ይከፍታል፤ ድምፅ ማጉያው ከጭንቅላትዎ በላይ ነው፤ እስከ ማክሰኝት ድረስም ቢሆን ኢርፎን የሚችለው ነገር አይደለም።